የአያቴን ጠገራ ብር ኒዝዋ ላይ አየሁት

ኦማን የሄድኩት በ2004 ዓ.ም ነው፤ እንደ ብዙዎቻችን በቤት ሠራተኝነት። አምስት ዓመት ሠርቼ ደብረ ማርቆስ ተመለስኩ። አሁን የምተዳደረው ከብር በእጄ በምሠራው ጌጥ ነው። መስቀል፣ ጉትቻ፣ አምባር፣ ቀለበት እሠራለሁ፤ አልፎ አልፎ አልቦም። ከዐረብ አገር የተመለሱ እህቶች በየጊዜው ይጠይቁኛል። "እንዴት ጀመርሽው? በስንት ብር? ማን አስተማረሽ?" ይሉኛል። ስለዚህ የሆነውን ሁሉ፣ ያበላሸሁትንም ጨምሬ እጽፍላችኋለሁ።

የምሠራበት ቤት ማስካት ነበር። የማዳሜ እናት ግን ኒዝዋ በምትባል ሌላ ከተማ ነበር የሚኖሩት፤ በመኪና ሁለት ሰዓት ገደማ ይወስዳል። ለዒድ ሲሄዱና አሮጊቷን ሲያማቸው እኔንም ይዘውኝ ይሄዱ ነበር። ማማ ነበር የምላቸው። አልጋቸው ሥር አንድ የእንጨት ሣጥን አላቸው። አንድ ቀን ሣጥኑን አስወጡኝና ጨርቅ ሰጥተው "ወልውይልኝ" አሉኝ። ውስጡ ብር ብቻ ነው። ወፍራም የእጅ አምባሮች፣ ውስጣቸው ክፍት የሆነ የእግር አልቦዎች፣ ሕርዝ የሚሉት የቁርአን ጥቅስ የሚቀመጥበት የብር ማኅደር ነበረበት። ሕርዙን ሳይ የኛን ክታብ ነው ያስታወሰኝ። ከሁሉ በታች አንድ የአንገት ሐብል ወጣ። ዶቃው መሀል ትልልቅ የብር ሳንቲሞች ተንጠልጥለዋል። አንዱን ገልብጬ ሳየው ደረቷ ሞላ ያለ፣ ትከሻዋ ላይ ፈርጥ ያደረገች ሴት አየችኝ።

ያቺን ሴት አውቃታለሁ። ቢቸና አያቴ ቤት፣ ከቆጡ ላይ፣ በአሮጌ ነጠላ ቁራጭ የተቋጠረች አንዲት ጠገራ ብር ነበረች። ልጅ ሆነን አያቴ ታሳየንና "የትከሻዋን ፈርጥ ቁጠሩ፣ ድሮ ሰው ሐሰተኛውን የሚለየው በዚያ ነበር" ትለን ነበር። ከዚያ ሁሉ አገር ርቄ፣ በሰው ቤት ወለል ላይ ተቀምጬ፣ ያንኑ መልክ በእጄ ይዤ ዕንባዬ መጣ። ማማ "ምን ሆንሽ?" አሉኝ። "ይቺ እኛም ቤት አለች" አልኳቸው በተሰባበረ ዐረብኛ።

ነገሩን በኋላ ነው ያወቅሁት። ሳንቲሟ ላይ ያለችው ሴት ማርያ ቴሬዛ ናት፤ የኦስትሪያ ገዥ ነበረች፤ የሞተችው እ.ኤ.አ. በ1780 ነው። ከዚያ ወዲህ በየዘመኑ የተመታው ሁሉ ያንኑ ዓመት ይዞ ነው የሚወጣው። አንዱ ጠገራ 28 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ከሺህ 833 እጁ ንጹሕ ብር ነው፣ ቀሪው ቅይጥ። በቀይ ባሕር ወዲህም ወዲያም ገንዘብ ሆኖ ኖሯል። በኛ አገር በ1937 ዓ.ም አዲሱ የኢትዮጵያ ገንዘብ ወጥቶ እስኪተካው ድረስ ሲገበያዩበት ቆይተዋል። እንግዲህ የኒዝዋ አንጥረኛም የጎጃም አንጥረኛም ያንኑ ሳንቲም እያቀለጡ ነው የየአገራቸውን ሙሽራ ሲያስጌጡ የኖሩት።

ልዩነቱ አያያዙ ላይ ነበር። ማማ እያንዳንዱን ጌጥ ማን እንደሠራው፣ ለማን ሠርግ እንደተገዛ፣ ስንት እንደሚመዝን በቃላቸው ያውቁታል። እኛ ቤት የአያቴ አልቦና የጆሮ ኩክ ማውጫዋ በፌስታል ተጠቅልለው ከሰባራ ዕቃ ጋር ነው የተቀመጡት። እኔ ራሴ ወደ ኦማን ስሄድ አንገቴ ላይ የነበረው በቀለም የተነከረ የሱቅ ሐብል ነው።

እዚያ ሙያውን ተምሬያለሁ ብዬ አልዋሽም። የቤት ሠራተኛ ትምህርት የምትሄድበት ቀን የላትም። ኒዝዋ ስንሄድ ግን ገበያው ውስጥ አንድ አንጥረኛ ነበር፤ ማዳሜ ዕቃ እስክትመርጥ ደጁ ላይ እቆማለሁ። ቀጭን የብር ሽቦ በቀዳዳ ብረት እየሳበ ያቀጥናል፣ ሁለቱን አንድ ላይ ያከራል፣ በመዶሻ ጠፍጠፍ ያደርገዋል። ጠርዙ እንደ ማሽላ ፍሬ ድርድር ብሎ ይወጣል። እናቴ ፈትሏን ስታከር የማየው ነገር ነው፤ ጥጡ ብር ሆነ እንጂ እጁ አንድ ነው። ማታ ማታ ያየሁትን በደብተር እሥለዋለሁ። ስመለስ ሻንጣዬ ውስጥ ከሁሉ የጠቀመኝ ዕቃ ያ ደብተር ነው። አሁን ዐረብ አገር ያላችሁ እህቶች፣ ዓይናችሁ የወደደውን ነገር ሥላችሁ ያዙ። ሥዕል የማይሆንላችሁ ፎቶ አንሱና ምን እንደሆነ፣ የት እንዳያችሁት ከሥሩ ጻፉበት።

ቤት ገብቼ ሐሳቤን ለእናቴ ስነግራት ቡናውን ማፍላቷን አቆመች። "አምስት ዓመት ተንከራተሽ መጥተሽ ቀጥቃጭ ልትሆኚ ነው?" አለችኝ። አልፈርድባትም። ባለ እጅን መናቅ፣ ቡዳ ብሎ መሸሽ ያደግንበት ነገር ነው። አፄ ምኒልክ ባለሙያን የሚሰድብ እንዲቀጣ አዋጅ አስነግረዋል፤ ስድቡ ግን እስከኔ ዘመን ደርሷል። እናቴ የፈራችው "ማን ያገባታል?" የሚለውን ነው። እኔ ደግሞ የአያቴን አልቦ የሠራው ሰው ማን እንደነበረ ስጠይቃት ስሙን እንኳ የሚያውቅ ቤታችን አልነበረም። እሱ ነው የቆጨኝ።

አስተማሪ ፍለጋ ብዙ ተመላለስኩ። በመጨረሻ ከከተማው ወጣ ብለው የሚሠሩ አንድ ሽማግሌ አንጥረኛ አገኘሁ፤ ጋሼ እላቸዋለሁ። አንድ ወር ሙሉ "ይሄ የሴት ሥራ አይደለም፣ እሳት ነው" እያሉ መለሱኝ። ባለቤታቸው ናቸው የረዱኝ፤ "ልጆቻችን ሁሉ ጥለውት ሄደዋል፣ እሷ ለምና መጥታ ትባረራለች?" አሏቸው። ጋሼ ዝም ብለው ወናፉን ወደኔ ገፉት። ሦስት ወር ወናፍ ነፋሁ፣ ከሰል ለቀምኩ፣ ሞረድ ያዝኩ። አንድ ቀን "በቀን ይሰድቡናል፣ ሲመሽ ደግሞ የልጃቸውን ጌጥ ሊያሠሩ ይመጣሉ። ይሄን ከቻልሽው ሌላው ቀላል ነው" አሉኝ። አንድ ዓመት ከስምንት ወር አብሬያቸው ቆየሁ።

ጎጃም ተወልጄ ሰምና ወርቅ ሲባል ስሰማ ያደግሁት በቅኔ ነው። ጋሼ ቤት ግን ሰምም ወርቅም በእጄ የምይዛቸው ነገሮች ሆኑ። ሰሙን የማገኘው ጠጅ ከሚጥሉ ሴቶች ነው፤ ሰፈፉን ገዝቼ በሙቅ ውኃ አቅልጬ በጨርቅ አጠልለዋለሁ። መስቀሉ መጀመሪያ በሰም ይቀረጻል። ጣቴን በመብራት እያሞቅሁ፣ በእንጨት መውጊያ እየቀረጽኩ፣ አንዲት የአንገት መስቀል ግማሽ ቀን ትወስድብኛለች። ከዚያ ብሩ የሚገባበትን የሰም ቱቦ፣ ጉሮሮ የምንለውን፣ እቀጥልበታለሁ። የመጀመሪያው ልባስ እንደ ዱቄት የላመ የሸክላ አፈርና የከሰል ዱቄት ነው፤ ቀጥኖ በብሩሽ ይቀባል። የሰሙን መልክ የሚይዘው እሱ ስለሆነ አረፋ እንዳይኖረው እፍ እያልኩ ነው የምቀባው። ከላዩ አፈርና የፈረስ ፋንድያ ተደባልቆ ይለበሳል፤ ፋንድያው ሲቃጠል ጥቃቅን መተንፈሻ ይተዋል። ጥላ ውስጥ ከደረቀ በኋላ ፊቱን ወደ ታች አድርጌ ፍም ላይ አስቀምጠዋለሁ፤ ሰሙ ፈሶ ይወጣል፣ የነበረበት ቦታ ባዶ ይቀራል። ቅርጹ ራሱ እስኪቀላ ይግላል። ብሩ በማቅለጫው ውስጥ ከጥቂት ቦራክስ (የቀለጠውን ብር ከቆሻሻ የሚያጠራ ዱቄት) ጋር ቀልጦ ፊቱ እንደ መስታወት ሲያበራ፣ ሳይቆራረጥ በአንድ ጊዜ ይፈሳል። በመሀል እጅ ከዘገየ መስቀሉ ክንፉ ጎዶሎ ይወጣል።

ስንት ብር ማቅለጥ እንዳለባችሁ ለማወቅ ሰሙን መዝኑት፤ ብር በዚያው መጠን ካለ ሰም ወደ 11 እጥፍ ይከብዳል። 1.6 ግራም ሰም ከሆነ 17 ግራም ተኩል ብር ያስፈልገዋል፤ ለጉሮሮው ሌላ 5 ወይም 6 ግራም ጨምሩበት። እኔ ይህን ሳላውቅ ሦስት መስቀል ጎደሎ አውጥቻለሁ። ጋሼ በዓይናቸው ያውቁታል፣ እኔ ግን ሚዛን ነው የማምነው። ከወናፉም ከመዶሻውም በፊት እስከ 0.01 ግራም የምትለይ ትንሽ ሚዛን ግዙ።

ንጹሕ ብር ብቻውን ለስላሳ ነው፣ ቀለበት ቢሆን ቶሎ ይጣመማል። 925 የሚባለውን፣ ከሺህ 925 እጁ ንጹሕ ብር የሆነውን ቅይጥ፣ ለማግኘት ለ10 ግራም ንጹሕ ብር 0.8 ግራም ንጹሕ መዳብ ይገባል። ጠገራ ብር አቅልጣችሁ 925 ለማድረስ ካሰባችሁ ደግሞ ለአንዷ ጠገራ 34 ግራም ያህል ንጹሕ ብር መጨመር አለባችሁ። ስለዚህ ሒሳቡም አያዋጣም፣ ልብም አይፈቅድም። ጠገራዋን ተዉአት።

አሁን ያበላሸሁትን ልንገራችሁ።

ሐምሌ ላይ ነበር። ለደንበኛ ቀን ቆርጬ ስለነበር ቅርጹን በአራተኛው ቀን የደረቀ መስሎኝ አፈሰስኩበት። ውስጡ እርጥበት ነበረው። እርጥበቱ ተንኖ ብሩን መልሶ ተፋው፤ ግራ ክንዴ ላይ ያለው ጠባሳ ያ ነው። ዓይኔን ያተረፈልኝ ጋሼ በግድ ያስደረጉኝ መነጽር ነው። ክረምት ላይ አንድ ሳምንትም አይበቃም። አሁን ቅርጹን ሞቅ አድርጌ አፉ ላይ ቀዝቃዛ መስታወት እይዛለሁ፤ መስታወቱ ጉም ከያዘ እንደገና ወደ ፍም ይመለሳል። መነጽር፣ የቆዳ ሽርጥ፣ የጥጥ ልብስ፣ የተከፈተ በር። ናይለን ነክ ልብስ ለብሳችሁ እሳት ፊት አትቁሙ። ከሰልም በተዘጋ ክፍል ሰው ይገድላል።

ሁለተኛው ጥፋቴ ከክንዴ ይልቅ ያመኛል። በመጀመሪያው ዓመት መለማመጃ ብር መግዣ ሲያጥረኝ የአያቴን አልቦ አቀለጥኩት። "አሮጌ ነው፣ ማንም አያደርገውም" ብዬ። ብሩ መዳብ የበዛበት ነበር፤ መስፍ ላይ አድርጌ ስመታው ተሰነጣጠቀ። ማታ ለእናቴ ስነግራት ቀስ ብላ "የሠርጌ ቀን እሱን ነበር ያደረግሁት" አለች፤ ሌላ ቃል አልጨመረችም። ፎቶ አላነሳሁትም፣ አልሣልኩትም፣ ጠርዙ ላይ ምን ዓይነት ጌጥ እንደነበረው እንኳ አሁን አላስታውስም። አምስት ዓመት የማማን ሣጥን ስወለውል ኖሬ የራሴን አያት ጌጥ በአንድ ከሰዓት በኋላ አጠፋሁት።

ከዚያ ወዲህ ሰው አሮጌ ጌጥ ይዞ "አቅልጠሽ አዲስ ሥሪልኝ" ሲለኝ መጀመሪያ እመዝነዋለሁ፣ ከአራት አቅጣጫ ፎቶ አነሳዋለሁ፣ የማን እንደነበረ እጠይቃለሁ። አብዛኛው ሰው ጥያቄውን ሲሰማ ሐሳቡን ይለውጣል፤ እኔም የተሰበረውን በይጄ፣ በሎሚ ውኃ ቀቅዬ አጽድቼ እመልስለታለሁ። (ብሩን ከሎሚው ውኃ የምታወጡበት መያዣ እንጨት ወይም መዳብ ይሁን፤ የብረት ጉጠት ከነከራችሁ ብሩ ሮዝ ይለብሳል።) ውጭ አገር ያሉ ሰዎች የድሮ መስቀል ፈልጌ እንድልክላቸው ይጠይቁኛል፤ እሱን አልነካም። ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት በአዋጅ ቁጥር 209/1992 የተከለከለ ነው። ሕጉ ባይኖርም አላደርገውም ነበር።

ሦስተኛው የገንዘብ ነው። ከኦማን ካመጣሁት ተቀንሶ የቀረኝን ይዤ አዲስ አበባ ወርጄ "ብር ነው" የተባልኩትን ዝርግ ገዛሁ። አሥራ ሁለት ጉትቻ ሠርቼ ሸጥኩ። በወሩ ሁለት ሴቶች ጆሯቸው አብጦ፣ አሳክኳቸው መጡ። የገዛሁት ጀርመን ሲልቨር የሚሉት ነበር። ስሙ እንጂ ብር የሚባል ነገር የለውም፤ መዳብ፣ ኒኬልና ዚንክ ነው፤ ኒኬሉ ደግሞ ብዙ ሰው ላይ ያሳክካል። የአሥራ ሁለቱንም ገንዘብ መለስኩ። አንድ ወር ያለ ሥራ ቁጭ አልኩ፤ ደንበኞቼ ግን ከዚያ በኋላ ነው ያመኑኝ።

ብርን ከጀርመን ሲልቨር ማግኔት አይለየውም፣ ሁለቱንም አይስብም። እኔ የማደርገው እንዲህ ነው። ዝርጉን እመዝናለሁ፤ 21 ግራም ነው እንበል። ከዚያ ግማሽ ድረስ ውኃ የያዘ ብርጭቆ ሚዛኑ ላይ አስቀምጬ ወደ ዜሮ እመልሰዋለሁ። ዝርጉን በቀጭን ክር አንጠልጥዬ፣ ታችም ጎንም ሳይነካ፣ ውኃው ውስጥ ሙሉ በሙሉ አጠልቀዋለሁ። ሚዛኑ 2 ግራም ገደማ ካነበበ ብር ነው፤ 21ን ለ2 ስታካፍሉት 10 ተኩል ይመጣል፤ ብር በዚያው መጠን ካለ ውኃ የሚከብደው በዚህ እጥፍ ነው። 2.4 ካነበበ ተዉት፣ ብር አይደለም። ሻጩ ፊት ለማድረግ አትፈሩ። የሚቆጣ ሻጭ ካጋጠማችሁ መልሱን አግኝታችኋል፤ ወደሌላው ሂዱ።

ዋጋ ላይ ብዙ ተጎድቻለሁ። ገዢ ሁሉ "በግራም ስንት ነው?" ብሎ ይጀምራል። አንድ ጥንድ የሽቦ ጉትቻ 6 ግራም ነው፤ ሽቦውን ለመሳብ፣ ለማክረር፣ ለመጠምጠም፣ ለመበየድ ሰባት ሰዓት ይወስዳል። በግራም ከሸጥኩት የተሸጠው ብሩ ነው፣ ሰባቱ ሰዓት በነጻ ሄደ። አሁን የብሩን ዋጋ፣ ለብክነት አንድ አሥረኛውን፣ የከሰሉንና የማለስለሻውን እደምርና የሰዓቴን እጨምራለሁ። ሰዓቴን ስተምን የአንድ ጥሩ ግንበኛ የቀን ሒሳብ ነው የምወስደው። "ግንበኛ በቀን ስንት ይከፈለዋል?" ስላቸው ሰዎች ይገባቸዋል። ሽርጡ ላይ የሚረግፈውን የሞረድ ብናኝም ሰብስቡ፤ በስድስት ወር አንድ ቀለበት ይወጣዋል።

ሥራው ወቅት አለው። ጥር የሠርግ ወር ስለሆነ እንቅልፍ የለም፤ ዐቢይ ጾም ሲገባ ሠርግ የለም፣ ትእዛዝም የለም። ከፋሲካ በኋላ እንደገና ይጀምራል። የጥርን ገንዘብ ጥር ላይ ከጨረሳችሁ ጾሙን ብር መግዣ አይኖራችሁም። በ2016 ዓ.ም ደግሞ ኢንተርኔት ተቋርጦ በከረመበት ጊዜ በቴሌግራም የሚመጣው ትእዛዝ ሁሉ ቆመ። ያኔ ያኖረኝ የሰፈር ሰው ነው፤ ማተብ ላይ የምትንጠለጠል ትንሽ መስቀል፣ ለክርስትና ስጦታ። ስለዚህ ስልክ ውስጥ ላለው ገዢ ብላችሁ ደጃችሁ ያለውን አትርሱት።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ከውጭ ያያችሁትን እንዴት እንደምታዋሕዱት። መጀመሪያ ላይ ደስታዬ በዝቶ የኒዝዋን ሁሉ መስቀል ላይ ጫንኩት። ጠርዙን በተከረረ ሽቦ ከበብኩት፣ ታቹ ላይ ከማማ ሐብል ያየኋትን የግማሽ ጨረቃ ቅርጽ አንጠለጠልኩ። የንስሐ አባቴ አይተው አልተቆጡም። "ልጄ፣ መስቀል የራሱ ንባብ አለው። እያንዳንዱ መስመር የተባለለት ነገር አለ፤ አንቺ ያላነበብሽውን አትጨምሪበት" አሉኝ። ፈትቼ አወጣሁት። አሁን መስቀል የምሠራው እንደ ቀድሞው ብቻ ነው። የኒዝዋ ሽቦ ጉትቻና አምባር ላይ ነው የሚውለው፤ እዚያ ያምርበታል። እናቶቻችን ቀሚስ ጥለት ላይ ያለውን የጥበብ ሐረግ በተከረረ ብር ሠርቼ አምባር ላይ አኑሬዋለሁ፤ ከሥራዎቼ ሁሉ ብዙ ሰው የሚጠይቀኝ እሱን ነው። ኦማን ባልሄድ ሽቦውን አላየውም ነበር፤ ጎጃም ባልመለስ ደግሞ ሐረጉን።

እናቴ አሁን ወናፍ ትነፋልኛለች። የአያቴን ጠገራ ብር ሳልበሳው፣ ሳልበይደው፣ በአራት ጥፍር ብቻ የሚይዝ ክፈፍ ሠርቼለት ለእሷ ሰጠኋት፤ ክፈፉ ሲከፈት ሳንቲሟ እንደነበረች ትወጣለች። ለማርያም ንግሥ አንገቷ ላይ አድርጋው ስትወጣ የጎረቤት ሴቶች "ማን ሠራልሽ?" ሲሏት "ልጄ" ትላለች።

ዛሬ ጠረጴዛዬ ላይ አንዲት የሙሽራ ቀለበትና አንዲት የክርስትና መስቀል አሉ። የመስቀሏ ሰም 1.2 ግራም ነው፤ ሁለተኛውን ልባስ ጠዋት አልብሼ ጥላ ውስጥ አስቀምጫታለሁ። እስከ ሐሙስ ከደረቀች ጋሼ ጋ ይዤ ሄጄ እዚያ አፈሳታለሁ።